ቁልፉን ማን ተጫነው? የዳታ ፓይፕላይንን ከሌላ ሲስተም ስለማስነሳት

የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ የደወሉልኝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ገና ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ልጄ፣ ትናንት እኮ እንዲህ አልሸጥንም» አሉኝ። ቢሮ ደርሼ ሪፖርቱን ስከፍተው እውነታቸውን ነው። የአንዱ ቅርንጫፍ የቀን ሽያጭ እጥፍ ሆኖ ተመዝግቧል። ትንሽ አልበለጠም፣ ትንሽ አልጎደለም። ልክ እጥፍ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ማየት በቂ ነበር። የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ ማታ ሂሳብ ዘግቶ «ዳታ ላክ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ አንድ ደቂቃ ያህል ተሽከረከረችና ቀይ ጽሑፍ መጣ። ልጁ ኔትወርክ የተቋረጠ መሰለው። ደግሞ ተጫነ። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ግን የመጀመሪያው ጥሪ ደርሶ ነበር። ሁለተኛውም ደረሰ። ሰርቨሩ ላይ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ገባ።

ገንዘብ ያዡ ያጠፋው ነገር የለም። ጥፋቱ ያንን ቁልፍ የሠራነው የእኛ ነው። ይህን የምጽፈውም እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚሠራ ሰው እየበዛ ስለመጣ ነው። የሽያጭ ሲስተሙ፣ የሰው ኃይል ሲስተሙ፣ የሞባይል አፑ፣ ሁሉም «የእኔን ዳታ አሁኑኑ ውሰድልኝ» ማለት ይፈልጋል። ማለቱ ደግሞ በጣም ቀላል ሆኗል። አንድ የዌብ ጥሪ ብቻ ነው። ከጥሪው ወዲያ ምን እንደሚሆን ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

ሰዓት የሚጠብቅ ሥራ

ፓይፕላይን ስንል ዳታን ከአንድ ቦታ አንስቶ፣ አጥርቶና አስተካክሎ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ፕሮግራም ማለታችን ነው። ከየቅርንጫፉ ሽያጭ ይሰበስባል፤ የዕቃ ኮዱን ያመሳስላል፤ በመጨረሻ ሪፖርት የሚወጣበት ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል። እንዲህ ያለ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲነሳ የኖረው በሰዓት ነው። ክሮን የሚባለው የዩኒክስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ ቆይቷል። ደቂቃውን፣ ሰዓቱን፣ የወሩን ቀን፣ ወሩንና የሳምንቱን ቀን ትነግሩታላችሁ። በተባለው ጊዜ ሥራውን ያስነሳል።

ክሮን ታማኝ ነው። የሚያውቀው ግን ሰዓት ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሳ ካላችሁት ይነሳል። ቅርንጫፉ መብራት ጠፍቶበት ሂሳብ ሳይዘጋ ቢያድርም ይነሳል። ባዶ ሰብስቦ «ጨርሻለሁ» ይላል። ጠዋት ሪፖርቱን የሚከፍተው ሰው ባዶውን እንደ እውነት ይወስደዋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። አብዛኛው ሰርቨር የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዚያ ላይ እኛ ሌሊቱን የምንቆጥረው ከምሽት ጀምረን ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ 00:00 ሲል አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ይህን እንኳ አንዴ አስልቶ መገላገል ይቻላል። ወሩ ነው የሚያስቸግረው። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ወራችን በ30 እንደሚያልቅ፣ ከነሐሴ በኋላ የ5 ቀኗ ጳጉሜ እንዳለች፣ በየ4 ዓመቱም 6 እንደምትሆን አያውቅም። የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ችግር የለበትም። መስከረም 1 ግን አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። 11 ብሎ የሞላ ሰው ሥራው በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ቀድሞ ተነስቶበታል።

ይህን ሁሉ መገመት መተው ይሻላል። ሂሳቡ መዘጋቱን በትክክል የሚያውቀው ሂሳቡ የተዘጋበት ሲስተም ነው። እንግዲያው እሱ ራሱ ይጥራ።

ተራ ቁጥር እንጂ ገንዘብ አይደለም

ምሳሌዬ ኤርፍሎው ይሁን፤ እኔም የምሠራበት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤርቢኤንቢ ውስጥ የተጀመረ፣ በኋላ ወደ አፓቺ ፋውንዴሽን የገባ፣ ፓይፕላይኖችን የሚያስነሳና የሚከታተል ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንዱን ፓይፕላይን «ዳግ» ይለዋል። ከ2020 መጨረሻ፣ ማለትም ከስሪት 2.0 ጀምሮ፣ ዳግን ከውጭ ለማስነሳት የተረጋጋ ኤፒአይ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም የሚጠራበት በር፣ አለው። የፈለጋችሁት አፕሊኬሽን በዳጉ ስም ፖስት የሚባለውን ጥሪ ይልካል። ከጥሪው ጋር ትንሽ መረጃ ማያያዝ ይቻላል፤ ለምሳሌ ቅርንጫፍ 3፣ የጥቅምት 5 ሽያጭ። መልሱ ወዲያው ይመጣል። የዚያ ዙር መታወቂያ ቁጥር አለበት፤ ሁኔታውም «ተራ ይዟል» ይላል። የማይክሮሶፍቱ አዙር ዳታ ፋክተሪም እንዲሁ የዙሩን መታወቂያ ይመልስላችኋል። ኋላ በዚያ መታወቂያ ሥራው የት እንደደረሰ ትጠይቃላችሁ።

እኛ የሳትነው እዚህ ላይ ነው። መልሱ «ተቀብያለሁ» ነው እንጂ «ጨርሻለሁ» አይደለም። ባንክ ገብታችሁ ተራ ቁጥር ስትቆርጡ ገንዘባችሁ ገና አልወጣም። ግን ቁጥሩን ይዛችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ማንም ተራችሁን አይወስድም። የዌብ ጥሪ የሚሄድበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ፣ ለዚህ የሚሆን የራሱ ኮድ አለው፤ 202 ይባላል። ጥያቄህን ተቀብያለሁ፣ ሥራው ገና ነው ማለት ነው።

እኛ ይህን አላደረግንም። ከኤርፍሎው ፊት የራሳችንን ትንሽ ዌብ ሰርቪስ አቁመን፣ ሥራው እስኪያልቅ የጠሪውን መስመር ክፍት አድርገን አስጠበቅን። «አልቋል» የሚል መልስ ለገንዘብ ያዡ መስጠት ደግነት መስሎን ነበር። ሥራው አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መሃል ላይ ተቀምጦ ጥሪ የሚያስተላልፈው ኢንጂንኤክስ የተባለው ሰርቨር ደግሞ ካልነገሩት በቀር ከጀርባው ምላሽ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። በ60ኛው ሰከንድ መስመሩን ቆረጠና ለቅርንጫፉ 504 ላከ፤ «ከጀርባ ምላሽ በጊዜው አልመጣም» ማለት ነው። ያ ቀይ ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ነው። ከጀርባ ያለው ሥራ ግን መስመሩ መቆረጡን አልሰማም። ሥራውን ቀጠለ።

ረጅም ሥራ በተከፈተ መስመር ላይ አይጠበቅም። ጥሪውን ተቀበሉ፣ ቁጥር ስጡ፣ መስመሩን ዝጉ። ጠሪው ቁጥሩን ይዞ በየተወሰነ ጊዜ ይጠይቅ፤ ወይም ሥራው ሲያልቅ እናንተ መልሳችሁ ጥሩት። ሁለተኛው ዌብሁክ የምንለው ነው።

በነገራችን ላይ ማስነሻውን በጌት ጥሪ፣ ማለትም በተራ ሊንክ የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ። ብራውዘር ላይ ሲከፍቱት ሥራው ይነሳል፤ ለሙከራ ይመቻል። በኤችቲቲፒ ደንብ ግን ጌት ለማየት ብቻ ነው፤ ምንም ነገር መለወጥ የለበትም። አንድ ሰው ያንን ሊንክ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢለጥፈው፣ ቴሌግራም ቅድመ እይታ ለማዘጋጀት ራሱ ይከፍተዋል። ማንም ሳይነካው ፓይፕላይኑ ይነሳል። ማስነሻ ፖስት ይሁን።

አንድ ሥራ፣ አንድ መታወቂያ

እዚህ አገር ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ «ሲስተም የለም» የሚለውን በየመስኮቱ ሰምተነዋል። ስለዚህ ሰው ሁለቴ ይጫናል። ፕሮግራምም ሁለቴ ይጠራል፤ መልስ ካላገኘ እንዲደግም ተደርጎ ነው የተጻፈው። ድግግሞሹን መከልከል አይቻልም። ድግግሞሹ ጉዳት እንዳያደርስ ማድረግ ነው የሚቻለው።

ኤርፍሎው ላይ ጠሪው የዙሩን መታወቂያ ራሱ መስጠት ይችላል። በዚያ መታወቂያ ከዚህ በፊት የተነሳ ዙር ካለ ኤርፍሎው አዲስ አያስነሳም። 409 ብሎ ይመልሳል፤ «ይህ አለ» ማለት ነው። እኛን ያዳነን ይኸው ነው። ግን መታወቂያው ከምን ይሠራ? በየጭነቱ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር የሚፈጠር ከሆነ ሁለቱ ጭነቶች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይመስላሉ፤ ምንም አልተጠበቀም። መታወቂያው ከሥራው ትርጉም መውጣት አለበት። ቅርንጫፍ 3፣ የዚህ ቀን መዝጊያ። ልጁ አሥር ጊዜ ቢጫን አሥሩም አንድ መታወቂያ ይዘው ይመጣሉ።

ቀኑ ውስጥ ደግሞ የእኛ የሆነ ወጥመድ አለ። የቅርንጫፉ ሲስተም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ዋናው በፈረንጅ። ጥቅምት 5 ቀን 2018 በቁጥር ሲጻፍ 2018-02-05 ነው። ይህን የሚያነበው ፕሮግራም ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ብሎ ይወስደዋል። ትክክለኛው ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነበር። ኤረር አይሰጥም፤ የሚታይ ነገር የለም፤ ሽያጩ ከ7 ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በ2018 ካሉት 365 ቀናት ውስጥ የፈረንጅ ቀን ሆነው ሲነበቡ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» የሚያስብሉት 7 ብቻ ናቸው። እነሱም ጥቅምት 29፣ ጥቅምት 30 እና አምስቱ የጳጉሜ ቀናት ናቸው። የቀሩት 358ቱ ዝም ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ በመታወቂያውም ሆነ በሚያያዘው መረጃ ውስጥ የቀኑ አቆጣጠር የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። መቀየሩም በአንድ ቦታ ብቻ ይደረግ። አንዱ ጠሪ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ቢልክ የአንድ ቀን ሥራ ሁለት መታወቂያ ያገኛል፤ 409ም አይመጣም።

መታወቂያው ብቻውን ግን አይበቃም። ከተዘጋ በኋላ የተመለሰ ዕቃ ሊኖር ይችላል፤ ያንኑ ቀን እንደገና መላክ ግድ ይሆናል። ለዚህ መታወቂያው ላይ የእርማት ቁጥር እንጨምራለን፤ የመጀመሪያው 1፣ የታረመው 2 እያልን። ሥራውም ሲጭን ዝም ብሎ አይደርብም። የዚያን ቅርንጫፍ የዚያን ቀን መዝገብ ይሰርዛል፣ አዲሱን ያስገባል፤ ሁለቱ አብረው ይሳካሉ ወይም አብረው ይቀራሉ። እንዲህ ከሆነ አንዱን ቀን ሦስት ጊዜ ብታስነሱትም ውጤቱ አንድ ነው። መጀመሪያውኑ እንዲህ ብንሠራው ኖሮ ያ ስልክ አይደወልም ነበር።

መረጃ መስሎ የመጣ ትዕዛዝ

እስካሁን ያወራነው ስለ ቅን ጠሪ ነው። ቅን ያልሆነም አለ። ለዚህ የኤርፍሎው የራሱ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ።

ከስሪት 2.0 በፊት ኤርፍሎው «የሙከራ» የሚባል ኤፒአይ ነበረው። ይህ ኤፒአይ ካልተቀየረ በቀር ማንነት ሳይጠይቅ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ኤርፍሎው ደግሞ ሲጫን ለትምህርት የሚሆኑ ምሳሌ ዳጎች ይዞ ይመጣል። ከነሱ አንዱ ከጥሪው ጋር የተያያዘውን መልእክት ወስዶ በባሽ፣ ማለትም ሰርቨሩ ትዕዛዝ በሚቀበልበት ፕሮግራም፣ ስክሪን ላይ ያትማል። ሥራው ይኸው ነው። መልእክቱ «ሰላም» ከሆነ «ሰላም» ይታተማል።

መልእክቱ በሁለት የጥቅስ ምልክቶች መሃል ነው የሚገባው። የላኪው መልእክት ውስጥ ራሱ የጥቅስ ምልክት ቢኖርስ? ጥቅሱ እዚያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው መልእክት መሆኑ ይቀርና ትዕዛዝ ይሆናል። ሰርቨሩም ይፈጽመዋል። ሁለቱን ስታገናኙት፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ማንም ሰው፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ በአንድ ጥሪ የፈለገውን ትዕዛዝ ሰርቨሩ ላይ ማስኬድ ይችል ነበር። ክፍተቶቹ ሲቪኢ-2020-13927 እና ሲቪኢ-2020-11978 ተብለው ተመዝግበዋል። ስሪት 1.10.11 ላይ ምሳሌው ታረመ፤ ለአዲስ ጫኚዎችም ኤፒአዩ ዝግ ሆኖ እንዲመጣ ተደረገ። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ሲሳ ሁለቱንም በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው ካሉ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሳያሻሽል የተቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ከውጭ የሚመጣ ነገር የትዕዛዝ አካል መሆን የለበትም። የቴብል ስም፣ የፋይል መንገድ፣ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትዕዛዝ ቋንቋ) ቁራጭ ከጠሪው አትቀበሉ። የቅርንጫፍ ቁጥር ተቀበሉ፤ ቁጥሩ በዝርዝራችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ የትኛው ቴብል እንደሚነካ እናንተ ወስኑ። ጠሪው «ምን» ይበል፣ «እንዴት» አይበል።

ማንነቱን ማጣራት ላይ ያለው ነገር ይበልጥ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ቶክን፣ ማለትም ጠሪው ማንነቱን የሚያሳይበት የምስጢር ቁልፍ፣ ሊንኩ ውስጥ አይጻፍም፤ ሊንክ በየሰርቨሩ ሎግ ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ጠሪ የራሱ ቶክን ይሰጠው፤ የሚያስነሳውም የተፈቀደለትን ዳግ ብቻ ይሁን። ጥሪው ከሌላ ድርጅት የሚመጣ ከሆነ በኤችማክ ይፈረም። ኤችማክ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደረጃ የወጣለት፣ በጋራ ምስጢር መልእክትን የመፈረሚያ ዘዴ ነው። ፊርማው ውስጥ ሰዓትም ይግባ፤ የትናንቱን ጥሪ ቀድቶ ዛሬ የሚልክ እንዳይኖር። የክፍያ ድርጅቱ የስትራይፕ ላይብረሪዎች ለምሳሌ ካልቀየራችሁት ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየን ጥሪ አይቀበሉም።

ማን ነው የሚጠራን?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ኤርፍሎው 3.0 ወጣ። የድሮው የኤፒአይ አድራሻ፣ «ቪ1» የሚለው፣ ቀርቶ «ቪ2» ሆነ። ማሻሻሉ አንድ ቅዳሜ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ መጣ፤ ፓይፕላይኖቻችንን ከውጭ የሚጠራው ማን ማን ነው? የሽያጭ ሲስተሙን እናውቃለን። የመጋዘኑንም እናውቃለን። ሎጉን ስናገላብጥ ሦስተኛ ጠሪ አገኘን። ከሥራ የለቀቀ ባልደረባችን ኤክሴል ፋይል ላይ የሠራው ቁልፍ ነው። የግዥ ክፍል ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ሰኞ ትጫነዋለች። ማንም አያውቅም ነበር። የምትጠቀመውም በዚያ ሰው ቶክን ነው። አድራሻውን ብቻ ቀይረን ብናልፍ ኖሮ፣ ሰኞ ጠዋት የእሷ ትዕዛዝ ባዶ ሆኖ ይመጣ ነበር።

ፓይፕላይን በሰዓት ብቻ ሲነሳ ጎረቤት የለውም። ከውጭ እንዲጠራ በር ስትከፍቱለት ግን አገልግሎት ሰጪ ሆነ ማለት ነው። ደንበኛ አለው። ደንበኞቹን በስም ማወቅ፣ አድራሻው ሲቀየር ቀድሞ መንገር፣ ሥራው ሲበላሽ ማሳወቅ የእሱ ግዴታ ነው። አሁን ቢሮአችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ማስነሻ አንድ ገጽ አለን። ማን ይጠራዋል፣ በየትኛው ቶክን፣ ምን መረጃ ይልካል፣ ሲበላሽ ለማን ይደወላል። ከኮዱ ይልቅ ይህን ገጽ መሙላቱ ብዙ ጊዜ ወስዶብናል።

የቅርንጫፉ ስክሪን አሁን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ «ደርሶናል» ይላል፤ ከሥሩ የቅርንጫፉ ቁጥርና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ቢጫን ያንኑ ጽሑፍ ያያል። ባለፈው መብራት ሲመላለስ አንድ ማታ አራት ጊዜ ተጭኗል። ሎጉ ላይ አንድ ዙርና ሦስት 409 አሉ።

ያልጨረስነው አንድ ነገር አለ። ሥራው ከተቀበልነው በኋላ ሌሊት ላይ ቢወድቅ፣ ልጁ «ደርሶናል» የሚለውን አይቶ ቤቱ ገብቷል። መውደቁን የምናየው እኛ ብቻ ነን፤ እሱ ጠዋት ሱቅ ሲከፍት ምንም አያውቅም። ስልኩ ላይ አጭር መልእክት እንላክለት ብለን ጀምረናል። የመጀመሪያው ሙከራ «ዙሩ ከሽፏል» የሚል ነበር። ኃላፊዋ አንብበውት «ይሄ ልጁን ከማስደንገጥ በቀር ምን እንዲያደርግ ይነግረዋል?» አሉን። አሁን «የትናንቱ ሂሳብ አልገባም፤ ከ3 ሰዓት በፊት አንዴ ብቻ እንደገና ይላኩ» የሚል እየጻፍን ነው። «ከ3 ሰዓት በፊት» የሚለው ላይ «ጠዋት» የምትል ቃል ጨምሩ ብለውናል።